ከጎንዮሽ ጉዳት የተገኘ መድኃኒት፦ የዘር ፈሳሽ ቶሎ መፍሰስ ሕክምና ታሪክና የሰፈራችን መድኃኒት ቤት

(ለሕዝብ ክፍት በሆነው የፋኩልቲያችን የንግግር መርሐ ግብር ላፍቶ ላይ የቀረበ። ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ ሲመለስ ጥቂት የቋንቋ እርማት ተደርጎበታል።)

የዛሬውን ርዕስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ካነበባችሁት መካከል አንዳንዶቻችሁ ፈገግ እያላችሁ እንደመጣችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም አብሯችሁ ከመጣው ጓደኛ ተለይታችሁ የኋላ ወንበር እንደመረጣችሁ ከዚህ ሆኜ አያለሁ። ሁለቱም ቅር አያሰኘኝም። እኔም ብሆን ይህን ንግግር ከማዘጋጀቴ በፊት ለባለቤቴ ርዕሱን ስነግራት ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር።

ነገሩን ከራሴ ጥፋት ልጀምር። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ፣ ትምህርቴን በጨረስኩ በዓመቱ፣ እዚሁ ላፍቶ መንገድ ዳር በምትገኝ አንዲት አነስተኛ መድኃኒት ቤት የማታ ተረኛ ሆኜ እሠራ ነበር። አንድ ምሽት በሩን ልዘጋ ስል ዕድሜያቸው ወደ አርባ የተጠጋ ሰው ገቡ። ሌላ ደንበኛ እስኪወጣ የሳል ሽሮፕ ዋጋ ሲጠይቁ፣ የጥርስ ሳሙና ሲያገላብጡ ቆዩ። ብቻችንን ስንቀር «ዶክተር» አሉኝ (በእኛ ሰፈር ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው)፣ «ያቺን የወንድ መድኃኒት ስጠኝ» አሉ። ማዘዣ አልነበራቸውም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። ሲልደናፊል ሰጠኋቸው፤ ሕዝቡ ቪያግራ የሚለውን ማለት ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ፤ ደግሞ ሰጠኋቸው። በሦስተኛው ጊዜ ግን ገንዘቡን ከከፈሉ በኋላ ከመስኮቱ አልተነሡም። «ወንድሜ» አሉኝ፣ «ይህ ነገር እኔን አልሆነኝም። መቆሙንስ ድሮም ይቆማል። የእኔ ችግር ገና ሳልጀምር ማለቁ ነው።»

ሦስት ጊዜ ሸጥኩላቸው፤ አንድ ጊዜ እንኳ «ምን ሆነው ነው?» አላልኳቸውም። የተሳሳተ መድኃኒት ነበር የሰጠኋቸው። ለዚያ ሰው ሕመም የሚሆን መድኃኒት ዓለም ካገኘ ግን ያኔ ብዙ ዓመት አልፎት ነበር። ከዚያ ምሽት ወዲህ የዚህን ሕክምና ታሪክ ሳነብ አንድ ነገር ደጋግሞ ይገጥመኛል፦ ለዚህ ችግር ከሚሠሩት የሚዋጡ መድኃኒቶች ቀደምቶቹ ሁሉ ለሌላ ሕመም የተሠሩ ናቸው። ለዚህ የዋሉት አንድ ሐኪም የአንድን በሽተኛ ያልተጠበቀ ቅሬታ በጥሞና ስለሰማ ነው። ሰሚ በሌለበት መድኃኒቱ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሰውዬው ባዶ እጁን፣ ወይም ከዚያ የከፋ ነገር ይዞ ይወጣል።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ ትንሽ እናውራ፤ የእኔ ስሕተት ግማሹ ከስሙ የመጣ ነውና። በአማርኛችን የወንድ የግብረ ሥጋ ችግር ሁሉ «ስንፈተ ወሲብ» በሚል አንድ ጆንያ ይከተታል። «ወሲብ» በግእዝ «አውሰበ»፣ አገባ፣ ከሚለው ግሥ ጋር የተዛመደ ነው፤ ጥንት ነገሩ ጋብቻ ነበር። «ስንፈት» ደግሞ «ሰነፍ» ከምንለው ጋር አንድ ቤት ነው። እንግዲህ ሰውዬው ገና አፉን ሳይከፍት ስሙ ፈርዶበታል፦ በጋብቻው የሰነፈ ነው። ሐኪሞች ግን በዚህ ጆንያ ውስጥ ቢያንስ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያያሉ። አንደኛው የብልት አለመቆም ነው፤ ይህ በአብዛኛው የደም ሥር፣ የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊትና የዕድሜ ጉዳይ ነው። ሁለተኛው የዘር ፈሳሽ ሰውዬው ሳይፈልገው፣ ሊያዘገየው ሳይችል፣ ገና በመጀመሪያው ቅጽበት መፍሰሱ ነው። ይህ ባብዛኛው የነርቭ ጉዳይ ነው። የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሆንም። ብዙ ጊዜ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ይደረባሉ፤ ይሁን እንጂ መደረባቸው አንድ አያደርጋቸውም።

አባቶቻችን ለዚህ ያበጁት መልስ ነበር። የደብተራ የመድኃኒት መጻሕፍት በውጭ አገር ምሁራን እጅ ገብተው ታትመዋል፤ ማርሴል ግሪዮል በ1930 እ.ኤ.አ. በፓሪስ የአንድ ደብተራን የመድኃኒት መጽሐፍ አሳተመ፤ ፖላንዳዊው ስቴፋን ስትረልሲን በ1968 እና በ1973 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን መድኃኒትና ዕፀዋት የሚመለከቱ ሁለት ቅጾች አወጣ። በእነዚህ ዓይነት መጻሕፍት የወንድነት ድካም መድኃኒት ከኮሶና ከእብድ ውሻ መድኃኒት ጎን ለጎን ተጽፎ ይገኛል፤ ሥሩ ይቀጠቀጣል፣ በማር ይለወሳል፣ አንዳንዴም ክታብ ይጨመርበታል። የመድኃኒቶቹን ፍቱንነት ዛሬ አልዳኝም። ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ሐሳቡን ነው። በሕዝባችን አነጋገር እንዲህ ያለው ሰው «ታሠረ» ይባላል። ያሠረው ሌላ ሰው ነው፤ ምቀኛ ነው፤ መናፍስት ናቸው። ጥፋቱ የሰውዬው አይደለም፣ ስለዚህም መፍታት ይቻላል። ይህ ሐሳብ ብዙ ጎረቤትና ብዙ አማት ያለ ጥፋታቸው እንዲወነጀሉ አድርጓል፤ ለበሽተኛው ግን ከ«ስንፈት» ይልቅ የራራ ነበር ብዬ አምናለሁ።

አውሮፓ በተመሳሳይ ዘመን አልራራችም። በሞንፔሊየ የነበረው ፈረንሳዊ የቀዶ ሕክምና ሊቅ ክሎድ ፍራንስዋ ላልማ ከ1836 እስከ 1842 እ.ኤ.አ. ባሳተማቸው ቅጾች ያለ ፈቃድ የሚፈስ ዘር ሰውን ቀስ በቀስ የሚያመነምን በሽታ ነው አለ። ሕክምናው ምን ነበር? በሽንት ቧንቧ ውስጥ መሣሪያ አስገብቶ በብር ናይትሬት መተኮስ። ይህ ዘዴ በአውሮፓና በአሜሪካ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሲሠራበት ኖሯል። እኛ አገር ሐኪም ያልነካቸው ወንዶች በዚህ ረገድ ዕድለኞች ነበሩ ማለት ይቻላል።

ከዚያ ትኩሳቱ ወደ አእምሮ ተሻገረ። የፍሮይድ ደቀ መዝሙር የነበረው ካርል አብርሃም በ1917 እ.ኤ.አ. ስለ ዘር ቶሎ መፍሰስ ባወጣው ጽሑፍ ሰውዬው ሳያውቀው በሴት ላይ ቂም ቋጥሮ፣ ሊያስደስታትም ስለማይፈልግ ነው እስከማለት ደረሰ። ይህን አስተሳሰብ ከቤታችን ጋር አስተያዩት። ደብተራው «ጠላት አሥሮሃል» ይለዋል፤ የበርሊኑ ሐኪም «ጠላቱ አንተው ነህ» ይለዋል። ከዚያ በኋላ ለዐሥርት ዓመታት በምዕራቡ ዓለም የዚህ ሕመም መደበኛ መድኃኒት በአልጋ ላይ ተጋድሞ ለዓመታት ማውራት ሆነ።

በዚያው በርሊን ውስጥ ግን ሌላ ሰው ነበረ፤ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው እሱን ነው። ስሙ በርንሃርድ ሻፒሮ ይባላል። ማግኑስ ሂርሽፌልድ ባቋቋመው የጾታ ሳይንስ ተቋም ውስጥ ይሠራ የነበረ አይሁዳዊ ሐኪም ነው። ሻፒሮ ሕመሙን አእምሮም ሥጋም ያለበት አድርጎ አየው፤ ለዚሁ ታስቦ የተቀመመ መድኃኒትም ለገበያ እንዲቀርብ አደረገ። በግንቦት 1933 እ.ኤ.አ. የናዚ ተማሪዎች ተቋሙን ዘረፉ፤ መጻሕፍቱንም በአደባባይ አቃጠሉ። ሻፒሮ ተሰደደ። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ1943 እ.ኤ.አ.፣ በአሜሪካ የሽንት ቧንቧ ሕክምና መጽሔት ላይ የ1130 በሽተኞችን ልምድ የሚያጠቃልል ጽሑፍ አወጣ። በስደት ያለ ሰው ያን ያህል በሽተኛ አስታውሶና መዝግቦ መጻፉ ራሱ ያስደንቀኛል። በጽሑፉ ውስጥ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ሕመሙን ለሁለት ከፈለው፦ ከመጀመሪያ ግንኙነቱ ጀምሮ እንዲያ የሆነ ሰው አለ፤ ደኅና ከርሞ በኋላ የመጣበት ሰው ደግሞ አለ። ሁለተኛ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዲያ በሆኑት ዘንድ ወንድሞችና ዘመዶችም ተመሳሳይ ችግር እንዳላቸው አስተዋለ። ደም ያለበት ነገር ነው ማለቱ ነበር። የሚያደነዝዝ ቅባትም ይመክር ነበር። ሰሚ አላገኘም፤ የስብእና ትንታኔው ዘመን ገና አላበቃምና።

በ1956 እ.ኤ.አ. ጀምስ ሲማንስ የተባለ አሜሪካዊ የሽንት ቧንቧ ሐኪም ከሚስት ጋር በመተባበር የሚሠራ የማቆምና እንደገና የመጀመር ልምምድ አስተማረ፤ ማስተርስና ጆንሰን የተባሉት ጥንዶች በ1970 እ.ኤ.አ. አሻሽለው በመላው ዓለም አስፋፉት። እሱን በዚህ አልፋለሁ፤ ይጠቅማል፣ መድኃኒት ግን አይደለም። ልምምዱን ስንተው ጥቅሙ አብሮ እንደሚቀንስም ታይቷል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ መጣን። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች እንደ ጎርፍ መጡ፤ ድብርትን የሚያነሡ፣ እብደትን የሚያበርዱ። በሽተኞቹ ሲሻላቸው አንድ ሌላ ቅሬታ ይዘው መጡ፦ «ዶክተር፣ ልቤ ተመልሷል፤ ግን ከባለቤቴ ጋር ስሆን መጨረስ አቃተኝ።» አብዛኛው ሐኪም ይህን «የጎንዮሽ ጉዳት» ከሚለው ረድፍ ጽፎ አለፈ። ጥቂቶች ግን ቆም አሉ። ላንዱ ሰው ጉዳት የሆነው መዘግየት፣ ለሌላው ሰው የዕድሜ ልክ ምኞቱ አይደለምን? በ1961 እ.ኤ.አ. ሞኖአሚን ኦክሲዴዝን የሚገቱ የድብርት መድኃኒቶች፣ በ1963 እ.ኤ.አ. ቲዮሪዳዚን የተባለው የአእምሮ መድኃኒት፣ በ1973 እ.ኤ.አ. ክሎሚፕራሚን ለዚህ ሲውሉ የሚያሳዩ አጫጭር ጽሑፎች በየመጽሔቱ ወጡ። ጽሑፎቹ ትንንሽ ነበሩ፤ መድኃኒቶቹም ከባድ፤ አንዳንዶቹ ልብን የሚጎዱ ናቸው። ቢሆንም ሐሳቡ ተዘራ።

ከዚያ እነ ፍሉኦክሴቲን መጡ፤ ሴሮቶኒን የተባለውን በነርቮች መካከል መልእክት የሚያመላልስ ንጥረ ነገር ተመልሶ እንዳይሰበሰብ የሚያግዱ መድኃኒቶች። ኔዘርላንዳዊው የነርቭና የአእምሮ ሐኪም ማርሴል ዋልዲንገር ፓሮክሴቲን ከሚወስዱ የድብርት በሽተኞቹ ያንኑ የመዘግየት ቅሬታ ሰማ። በሰማው አላበቃም። ድብርት የሌለባቸው፣ ችግራቸው ዘር ቶሎ መፍሰስ ብቻ የሆነ ወንዶችን ሰብስቦ ለግማሾቹ ፓሮክሴቲን፣ ለግማሾቹ ባዶ ኪኒን ሰጠ፤ ማን ምን እንደወሰደ ሐኪሙም በሽተኛውም አያውቁም ነበር። ውጤቱን በ1994 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሥነ አእምሮ መጽሔት ላይ አወጣ። መድኃኒቱ ይሠራ ነበር። ሕክምናው ለሰባና ለሰማንያ ዓመት ከተኛበት አልጋ በአንድ ጽሑፍ ተነሣ።

እንዴት ነው የሚሠራው? በቀላሉ ልንገራችሁ። የዘር መፍሰስ እንደ ማስነጠስ ያለ፣ ከተነሣ የማይመለስ የነርቭ ግብረ መልስ ነው፤ ምንጩ ከታችኛው የአከርካሪ ገመድ ሲሆን አንጎል ከላይ ሆኖ ፍሬን ይይዝበታል። ፍሬኑ ከሚሠራባቸው ነገሮች አንዱ ሴሮቶኒን ነው። መድኃኒቱ ሴሮቶኒንን በነርቮች መገናኛ ላይ ያከማቻል፤ ፍሬኑ ይጠብቃል። ግን የነርቭ ተቀባዮች እስኪለማመዱ አንድና ሁለት ሳምንት ይወስዳል። «አንድ ጊዜ ዋጥኩ፣ ምንም አልሆነልኝም» የሚሉኝ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ በየቀኑ የሚወሰድ ነገር መሆኑን ማንም አልነገራቸውም። ዋልዲንገር ከዚህ ተነሥቶ ከልጅነት የመጣው ዓይነት ከሞላ ጎደል የዘር ውርስና የነርቭ ጉዳይ ነው እስከማለት ሄዷል። እኔ እስከዚያ አልከተለውም፤ በሰፈሬ ያየኋቸው ባልና ሚስት ዝም የተባባሉበት ቤት ኪኒኑን ብቻ ሲሰጡት አይድንም። ሻፒሮን ግን ከሃምሳ ዓመት በኋላ ትክክል እንደነበር ያሳየው እሱ ነው።

ይህ ሰው ሌላም ነገር አመጣ፤ ሰዓት። ቀድሞ «ቶሎ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም በልቡ የሚለካው ነበር። ዋልዲንገርና ባልደረቦቹ ለሚስቶች የሩጫ ሰዓት እየሰጡ ከመግባት እስከ መፍሰስ ያለውን ጊዜ አስለኩ። በ2005 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድስ፣ በእንግሊዝ፣ በስፔን፣ በቱርክና በአሜሪካ ወደ 500 የሚጠጉ ጥንዶች ላይ ያደረጉት ልኬት ወጣ። መካከለኛው ቁጥር ስንት ይመስላችኋል? እስቲ ገምቱ። (ከታዳሚው፦ «ግማሽ ሰዓት!» — ሳቅ) አምስት ደቂቃ ከ24 ሴኮንድ። ግማሾቹ ከዚያ በታች፣ ግማሾቹ ከዚያ በላይ። በቱርክ አራት ደቂቃም አልሞላም። አሁን የሳቃችሁት ወንድሞቼ ልብ በሉልኝ፤ ወደ መድኃኒት ቤት ከሚመጡት ወንዶች ብዙዎቹ ምንም ሕመም የለባቸውም። ሕመማቸው በስልክ የሚያዩት ፊልምና በቡና ቤት የሚሰሙት ጉራ ነው። የዓለም አቀፉ የወሲብ ሕክምና ማኅበር በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣው ትርጉም ሦስት ነገር አንድ ላይ ሲገኝ ነው ሕመም የሚባለው፦ ሁልጊዜ ወይም ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በአንድ ደቂቃ አካባቢ ማለቅ፣ ማዘግየት አለመቻል፣ በዚህም መጨነቅና ከግንኙነት መሸሽ። ይህ ከመጀመሪያው ጀምሮ ላለው ነው፤ በኋላ ለሚመጣው ዓይነት በ2014 እ.ኤ.አ. ወሰኑ ወደ ሦስት ደቂቃ ከፍ ተደርጓል።

በኋላ የሚመጣው ዓይነት ደግሞ ብዙ ጊዜ ምክንያት አለው። የታይሮይድ ዕጢ ከልክ በላይ ሲሠራ ይመጣል፤ በጣልያን የተደረገ ጥናት እንዲህ ካሉት ወንዶች ግማሽ ያህሉ ይህ ችግር እንደነበረባቸውና ዕጢው ሲታከም ወደ 15 በመቶ እንደወረደ አሳይቷል። የፕሮስቴት መቆጣት ያመጣዋል። የብልት አለመቆም የጀመረው ሰውም «ሳይወድቅብኝ» ብሎ ሲቸኩል ይመጣበታል፤ ሲልደናፊል የሚረዳው ይህን ሰው ነው። የእኔን ደንበኛ ግን አይረዳም ነበር።

ለዚሁ ሕመም ተብሎ የተፈቀደው የመጀመሪያው ኪኒን ዳፖክሴቲን ነው። እሱም ቢሆን ለድብርት ታስቦ የተጀመረ ነበር፤ ከሰውነት ቶሎ ስለሚወጣ ለድብርት አልሆነም፤ ያ ድክመቱ ግን ለዚህ ሥራ ብርታት ሆነለት፤ ከግንኙነት በፊት ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ሲቀር ይዋጣልና። የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2005 እ.ኤ.አ. አልፈቀደውም፤ በ2009 እ.ኤ.አ. በፊንላንድና በስዊድን ፈቃድ አገኘ። ከ2600 በላይ ወንዶች የተሳተፉበት የ2006 እ.ኤ.አ. ጥናት ቁጥሩን እነሆ፦ ሲጀምሩ አማካዩ አንድ ደቂቃ አይሞላም፤ በመጨረሻ በትልቁ መጠን ሦስት ደቂቃ ከሃያ ሴኮንድ ገደማ ደረሰ። ባዶ ኪኒን የዋጡትም ግን ወደ አንድ ደቂቃ ከ45 ሴኮንድ ደርሰዋል። ባዶ ኪኒን ጊዜውን በእጥፍ ሊያሳድግ ተቃረበ! ለእኔ ይህ ቁጥር ከሁሉ የበለጠ ይናገራል። እነዚያ ሰዎች በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ችግራቸው ተጠይቀዋል፤ ሚስቶቻቸውም አብረው ተጠይቀዋል። የሚቀባው ዓይነትም አለ፤ ሊዶካይንና ፕሪሎካይን የተቀላቀለበት የሚረጭ መድኃኒት በ2013 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ ተፈቅዷል። በወጉ ካልተጠረገ ሚስትየውንም ያደነዝዛል፤ ይህንንም የሚነግር ሰው ያስፈልጋል።

እንግዲህ ወደ አገራችን እንመለስ። የመድኃኒት ሥራ በሕግ ቁጥር 288 በ1956 ዓ.ም. ሥርዓት ተበጅቶለት ነበር፤ ከዚያ በ1991 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 176 የመድኃኒት አስተዳደርና ቁጥጥር ባለሥልጣንን አቋቋመ፤ በ2002 ዓ.ም. አዋጅ 661፣ በ2011 ዓ.ም. አዋጅ 1112 ተተኩበት፤ ዛሬ ሥራው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ሕግ አልጎደለንም ለማለት ነው የዘረዘርኩት። በዚያ ምሽት እኔ ያደረግሁትም በነዚሁ ሕጎች ዘመን ነው። መድኃኒቱም አልጠፋም፤ ፍሉኦክሴቲን በአገራችን መድኃኒት ቤቶች ከቆየ ቆይቷል።

የጠፋው መንገዱ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች በአእምሮ ሕክምና በር በኩል ነው የገቡት፤ ያ በር ደግሞ በእኛ አገር ጠባብና አስፈሪ ነበር። በጣልያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በስፔሻሊስትነት ማሠልጠን የጀመረው በ1995 ዓ.ም. አካባቢ፣ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር ነው። በዚያ ዘመን አንድ ወንድ ለአልጋ ችግሩ «አማኑኤል ሂድ» ቢባል ምን እንደሚል ልነግራችሁ አያስፈልገኝም። ዛሬም ቢሆን ማዘዣ ይዞ መጥቶ ከወረቀቱ ላይ «ለድብርት» የሚለውን ሲያነብ «እኔን እብድ አደረጉኝ?» ብሎ ትቶልኝ የሄደ ሰው አጋጥሞኛል። ይህን ያየ ሐኪም ምን ማድረግ ነበረበት? መድኃኒቱ ከየት እንደመጣ፣ ለምን ለእሱ እንደሚሆን አምስት ደቂቃ መስጠት። ግን ወረፋው ረጅም ነው፤ ያቺ አምስት ደቂቃ አትገኝም።

ወንዱ በሐኪም በር ካልገባ በሌላ በር ይገባል። ከሳሪስ እስከ መካኒሳ፣ ከጎፋ እስከ ጀሞ ኮንዶሚኒየሞች ድረስ ስሙ የማይታወቅ ቅባት፣ «የቻይና» የሚባል ብናኝ፣ ማር የተለወሰበት ሥር በስልክ ይሸጣል። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ትራማዶል ነው። ትራማዶል የሕመም ማስታገሻ ነው፤ ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጀርመን በገበያ ላይ ይገኛል። ከሞርፊን ዘመዶች አንዱ ሲሆን እግረ መንገዱን ሴሮቶኒንንም ያከማቻል። ስለዚህ ያዘገያል፤ በእርግጥ ያዘገያል። ይህን ወጣቶቻችን ከሐኪሞቻቸው ቀድመው ደረሱበት። የሚያውቁት ግማሹን ነው። ቀሪውን ግማሽ ልንገራችሁ፦ ሱስ ያስይዛል፤ መጠኑ ሲበዛ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ያመጣል፤ ከድብርት መድኃኒት ጋር ሲወሰድ አደገኛ የሴሮቶኒን መርዛማነት ሊያስከትል ይችላል። ደግሞ ይህ አለ፦ ለሞርፊን ዓይነት መድኃኒት የተላመደ ሰውነት ሲያቋርጠው ከሚታዩት ምልክቶች አንዱ ዘር ቶሎ መፍሰስ ነው። ለመዘግየት ብሎ የጀመረው ሰው ላቁም ሲል ከነበረበት የባሰ ይሆናል፤ መልሶም ይጀምራል። በዚህ ቀለበት ውስጥ የገቡ ወጣት ባሎች አውቃለሁ። ማንም ሐኪም ያላዘዘላቸው፣ ማንም ያልጠየቃቸው ናቸው።

ሲልደናፊልን በተመለከተ ደግሞ፣ ለልብ ሕመም ናይትሬት የሚወስድ ሰው ላይ የደም ግፊትን በድንገት ሊጥል ይችላል። እኔ ለዚያ ሰው ሦስት ጊዜ ስሸጥላቸው የልብ ሕመም እንዳለባቸው እንኳ አልጠየቅሁም ነበር። ዛሬ ሳስበው የሚያስነሣኝ ይሄ ነው።

ሰውዬው ምን ሆኑ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። በሦስተኛው ምሽት ገንዘባቸውን መለስኩላቸው፤ ያኔ ግን ለሳቸው ምን እንደሚሆን አላውቅም ነበር። በትምህርት ቤት አልተማርነውም። ወደ አንድ አስተማሪዬ ሄጄ ጠየቅሁ፤ እሱ ወደ አንድ ሐኪም መራኝ፤ በወሩ ገደማ መልሱን ይዤ ስጠብቅ ሰውዬው ተመልሰው አልመጡም። ከዓመት በላይ ቆይተው አንድ ቀን ለልጃቸው የትኩሳት መድኃኒት ሊገዙ ገቡ። ሰው ነበረ። መድኃኒቱን ጠቅልዬ ስሰጣቸው ከወረቀቱ ጀርባ የሐኪሙን ስምና ቀን ጽፌ ነበር። አንብበው ኪሳቸው ከተቱት። ሄደው እንደሆነ አላየሁም።

ከዚያ ወዲህ ማንም ወንድ «ያቺን መድኃኒት» ሲለኝ ሁለት ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ አለመቆም ነው ወይስ ቶሎ ማለቅ? ከመቼ ጀምሮ? ተማሪዎቼም ከመስኮት ጀርባ ከመቆማቸው በፊት ይህን በቃላቸው እንዲያጠኑ አደርጋለሁ። ሁለቱን ለመጠየቅ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም፤ መልሱን ለመስማት ግን ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ጥያቄ ለመቀበል ሃያ ደቂቃ ቀርቶናል። እጅ ማውጣት የማትፈልጉ በወረቀት ጽፋችሁ ከፊት ላለው ሣጥን ማቀበል ትችላላችሁ፤ ስም አያስፈልግም።